አርባውን ላወጣ መጣሁ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሩ አጠገብ ከባንዲራው ሥር ቆሞ ነበር። መምህር አበራ ከድምፅ ሣጥኑ ኋላ፣ እጆቹን ወደ ጀርባው አጣምሮ። ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሁሴን ከሰማያዊው መጋረጃ በስተግራ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። የቀበሌው ጥበቃ ከውጭ ደጃፉ ላይ፣ ጠመንጃውን ዝናብ እንዳይነካው ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ። እትዬ አመለወርቅ ከሴቶቹ ሰልፍ ፊት፣ ከጠረጴዛዬ ወዲያ ማዶ። እኔ ከመዝገቡ ኋላ ነበርኩ። ከሁላችንም የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጄ ለሕሊና የነገርኳት ይህንኑ ያህል ነው። ስምንተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራ ይዛ መጥታ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ደብተሯን ዘረጋች። ምክር ቤት እንዴት እንደሚዋቀር፣ አባላቱ በማን እንደሚመረጡ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቀመጡ ጮክ ብላ ታነባለች። አሁን ሁለት ምክር ቤቶች እንዳሉን፣ አንዱ ሕግ እንደሚያወጣ፣ ሌላው ሕገ መንግሥቱን እንደሚተረጉም ነገረችኝ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«‹ከቤተሰባችሁ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ፣ በድሮ ጊዜ የነበረ የምክር ቤት ምርጫ ምን ይመስል እንደነበር ጻፉ› ይላል። እማማ፣ አንቺ ድሮ መርጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አስመርጬ አውቃለሁ» አልኳት።

ይህ ደስ አሰኛት። ነጭ ወረቀት አውጥታ አራት ማዕዘን ሣለች። «ይኸው አዳራሹ። ማን የት ቆሞ ነበር?» አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እሷም ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ክብ እየሠራች ስሙን ጻፈችበት። ስትጨርስ እርሳሷን እንደያዘች «ከዚያስ?» አለችኝ። ወጡ እንዳያርብኝ ብዬ ተነሣሁ። ወጡ ገና አልተጣደም ነበር።

ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ጊዜው ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ የገባ ሰሞን ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ስላልበቃ፣ እዚሁ አሰላ ቀበሌያችን ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቢሮው ከዋናው መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። በመስኮቱ ጭላሎ ይታያል፤ በሰኔ ግን ተራራው ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ብቅ ይልና ደመናውን ጎትቶ ይሸፈናል፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው ጭቃና የጋሪ ፈረስ ነው። ፈረሶቹ ቁልቁለቱ ላይ ሲንሸራተቱ ባለጋሪዎቹ በኦሮምኛ ያባብሏቸዋል፣ በአማርኛ ይሰድቧቸዋል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ አቶ ሁሴንን ጠይቄያቸው ነበር። «ፈረሱ ስድቡ እንዳይገባው ነው» አሉኝ።

በዚያ ዓመት አዲስ ሕገ መንግሥት ወጥቶ ነበር። አገሪቱ ሸንጎ ይኖራታል ተባለ፣ ብሔራዊ ሸንጎ። ከምርጫው በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ሁሉ ሕዝቡ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ እየተጠራ ትምህርት ይሰጠዋል። ስም የሚጠራው በኔ መዝገብ ነው፤ የቀረ ይጠየቃል። የሚያስተምረው መምህር አበራ ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ ሁሉንም ነገር በጠመኔ ሥሎ ካላሳየ ያስተማረ አይመስለውም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ይሠራል። «ይህ ሸንጎው ነው። ከሥልጣን ሁሉ በላይ ነው። አባላቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ ለአምስት ዓመት።» ከትልቁ ክብ ሥር ትንሽ ክብ ይጨምራል። «ሸንጎው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው። በመካከሉ ሥራውን የሚሠራው ይህ የመንግሥት ምክር ቤት ነው።»

«በዓመት አንዴ ከተሰበሰበ እንደ ጥምቀት ነው በሉኛ» አሉ አቶ ሁሴን። እስላም ሆነው እንዲህ ማለታቸው ሰዉን አሳቀው። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም።

ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት ፓርቲው፣ ማኅበራቱና የጦር ክፍሎች ናቸው፤ ሕዝቡ ከቀረቡለት ሦስት ሰዎች አንዱን ይመርጣል። ይህን ሲያስረዳ አንዲት ሴት ከኋላ፣ «ዕጩ ማለት እንደ እጮኛ ነው?» ብላ ጠየቀች። መምህር አበራ ስለ ቃሉ አመጣጥ ሊያብራራ አፉን ሲከፍት እትዬ አመለወርቅ ቀደሙት።

«እሱንማ አስካለን ጠይቋት። የሷ ዕጩ ጦር ሜዳ ነው ያለው።»

አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞሮ ሳቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ አቀረቀርኩ። እትዬ አመለወርቅ እንደሚያውቁ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

እትዬ አመለወርቅ የሲሬ ሰው ናቸው፤ አሰላ የመጡት ተድረው ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሶና ቆሎ እያዘጋጁ መናኸሪያ ለመንገደኛ እየሸጡ አንድ ልጅ አሳደጉ። ልጁ ተሾመ ይባላል፤ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብረን ተምረናል። ከተሾመ ጋር ስለነበረን ነገር ብዙ አልጽፍም። ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎኝ ነበር። እኔም እምቢ አላልኩም።

ሦስቱ ዕጩዎች እያንዳንዳቸው ማንበብ ለማይችል ሰው የሚሆን የእንስሳ ምልክት ነበራቸው፦ ዝሆን፣ አንበሳና ቀጭኔ። ምልክቶቹን በኦሮምኛ የሚያስረዱት አቶ ሁሴን ናቸው። በከዘራቸው ሰሌዳውን እየነኩ፣ «ኩን አርባ። ኩን ለንጫ። ኩን ሰታዋ» ይላሉ። አርባ በኦሮምኛ ዝሆን ነው። ከደብረ ብርሃን በቅርቡ መጥተው የሠፈሩ አንድ ሽማግሌ ግን ይህን አያውቁም።

«አርባ? እኔ የማየው አንድ ዝሆን ነው። ሠላሳ ዘጠኙ የት ሄዱ?»

ያን ቀን ሊቀመንበሩም ሳቀ። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን፣ አማራውም ኦሮሞውም፣ ዝሆኑን የሚጠራው አርባው ብሎ ሆነ። ለመምረጥም የራሱ ቃል ነበረው። የሰፈራችን ሰው የዕድር ዳኛ ሲመርጥ «ዳኛ አወጣን» ነበር የሚለው። መንገድ ላይ ሰዎች ሲገናኙ «ማንን ታወጣለህ?» ይባባላሉ። «አርባውን»፣ «ቀጭኔዋን»። የሰው ስም የሚያነሣ አልነበረም። ዕጩዎቹን በአካል ያየ ሰው ብዙ አልነበረምና።

እትዬ አመለወርቅ ግን ምርጫውን የምራቸውን ነበር የያዙት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ የተማሩ፣ የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሴት ናቸው። በመጨረሻው ቅዳሜ እጃቸውን አውጥተው ተነሡ።

«መምህር፣ ይህ ሸንጎ ጦርነቱን ሊያቆመው ይችላል?»

መምህር አበራ ሊቀመንበሩን አየ፣ ከዚያ ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም የሚወስነው ሸንጎው ነው። እዚህ ተጽፏል።»

«እንግዲያው ከሦስቱ ልጁን ያዘመተ የትኛው ነው?»

ይህን የሚያውቅ አልነበረም። መምህር አበራ የዕጩዎቹን የሕይወት ታሪክ የያዙትን ወረቀቶች አገላበጠ። «ስለ መዝመት የተጻፈ ነገር የለም። ዝሆኑ ግን የሰባት ልጆች አባት ነው ይላል።»

«ሰባት ካሉት አንዱ አይጠፋም» አሉ እትዬ አመለወርቅና ተቀመጡ። «አርባውን ነው የማወጣው።»

ደብዳቤው የመጣው ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ነው። ከአዳማ በሚመጣው አውቶቡስ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር በአንድ ፖስታ። ደብዳቤ የምከፍተው እኔ ነኝ። አራት መስመር ነበር። ተሾመ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ወድቋል። ለቤተሰቡ እንዲነገር ይላል።

ያደረግኩትን አስታውሳለሁ፦ ቀን ቆጠርኩ። በጣቶቼ ሳይሆን በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ፣ በእርሳስ ጫፍ። አርባው የሚውለው እሑድ ነበር። ምርጫውም እሑድ ነው።

ሊቀመንበሩ ገብቶ አነበበውና በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ እሱ ይህን ማለት አለብኝ። ከላይ ግን ታዞ ነበር። ያልመረጠ ሰው እንዳይገኝ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ እንዲያልቅ።

«ምርጫው ይለፍ» አለኝ። «አሁን መርዶ ከተነገረ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ይቀመጣል። እሑድ ማን ሊመጣ ነው? ሰኞ ንጋት ሽማግሌ እልካለሁ። ለእናቱስ ቢሆን ምን ይለወጣል? አንድ ሰው ካወቀ ግን ካንቺ ነው የወጣው ማለት ነው፣ ጓድ አስካለ።»

«እሺ» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። ብዙ ዓመት ሌላ ምን ማለት እችል እንደነበር አስቤያለሁ። በዚያን ጊዜ ግን ከአፌ የወጣው እሺ ነው።

እትዬ አመለወርቅ በማግስቱ ቢሮ መጡ። በነጠላ የተቋጠረ ቆርቆሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ሳይፈቱት ሽታው ነገረኝ፤ ጭኮ ነው። የአርሲን ጭኮ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ገብሱ በደንብ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ከቅመም ጋር በነጠረ ቅቤ የሚታሽ ነው። አንዴ ከታሸ ወራት አይበላሽም፤ ስለዚህ የመንገደኛና የወታደር ስንቅ ነው። እሳቸው ደግሞ ጥቁር አዝሙዱን በዛ አድርገው ነበር የሚሠሩት።

«ለሠራዊቱ ስንቅ ሲላክ ይህን በስሙ ላኪልኝ» አሉኝ። «ያገኘሁትን ቅቤ ሁሉ ነው የጨመርኩበት። ልጅ አይደለሽም፣ ምን እንደሚወድ ታውቂያለሽ።» ፈገግ አሉ። «ደብዳቤስ የለም?»

«የለም፣ እትዬ።»

«ይሁን። ወረቀት አጥሯቸው ይሆናል።»

ክዳኑ ላይ ስሙን በትልልቁ ጻፍኩ፤ እያዩኝ ስለነበር መጻፍ ነበረብኝ። ሲወጡ ቆርቆሮውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩት። ቢሆንም ቢሮው ሳምንቱን ሙሉ ቅቤና ጥቁር አዝሙድ ሸተተ። ጥበቃው አልፎ አልፎ ብቅ እያለ፣ «አስካለ፣ ከኛ ደብቀሽ ምን ትበያለሽ?» ይለኛል።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቀበሌ የሚሠራ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ መታየቱ ደስ አያሰኝም ነበር፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ ነው የገባሁት። ሰው ሞቶ አርባው ሳይጸለይለት ሊያልፍ ነው። እናቱ ካላወቁ የሚያስብለት ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ቄስ አግኝቼ፣ እሑድ ፍትሐት እንዲደረግለት የምፈልግ ሰው አለ አልኳቸው።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ተሾመ አልኩ።

«እሱ የዓለም ስሙ ነው፣ ልጄ። በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራ።»

አላውቀውም ነበር። አራት ዓመት አንድ ክፍል ተቀምጠን፣ በአንድ መንገድ ተመላልሰን፣ እጁን ይዤ፣ የክርስትና ስሙን ግን ጠይቄው አላውቅም። የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ መጠየቅ አልችልም።

«ጠይቄ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

እሑድ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። የአዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናቡ ሲወርድ እርስ በርስ ለመሰማማት መጮኽ ነበረብን። ሰዉ ጆንያና ላስቲክ ተከናንቦ ይመጣል፣ ጭቃውን ደፉ ላይ ይጠርጋል፣ እኔ ዘንድ ይቀርባል። ስሙን እፈልጋለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ ወረቀቱን እሰጣለሁ። ወረቀቱን ይዞ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ በእርሳስ ምልክት ያደርግና ሣጥኑ ውስጥ ይከታል። አቶ ሁሴን ለሚፈልግ ሁሉ፣ «ኩን አርባ፣ ኩን ለንጫ» ይላሉ። ጠዋቱን ሙሉ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሰማሁት አርባ፣ አርባ፣ አርባ ነበር። ግን እየለመድኩት ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ እትዬ አመለወርቅ ተራቸው ደረሰ። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። የነጠላቸው ጥለት ታጥቦ ደምቋል። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች እየተጋፉ ይሳሳቃሉ። እሳቸው ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በዝናቡ ውስጥ ለኔ ብቻ እንዲሰማ አድርገው፣ እንደ ምሥጢር፣

«አስካለ፣ አርባውን ላወጣ መጣሁ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?» አልኩ።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። የሰፈራችን ሰው አርባ የሚያወጣው ለሁለት ነገር ነው፤ በዚያ ሳምንት ለዝሆን፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ ለሞተ ሰው።

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም። ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆየ፣ ባለቤቱ ትቶት እንደሄደ ዕቃ።

«ምኑን?» አሉ።

ዝሆኑን ማለቴ ነው ልል ነበር። አፌን ከፍቻለሁ። ግን ዓይናቸውን አየሁና አልወጣልኝም። ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። እሳቸው ፊቴን፣ እጄን፣ ከዚያ እንደገና ፊቴን አዩ። ሰው መጽሐፍ ቀስ ብሎ እንደሚያነብ፣ እያንዳንዱን ፊደል።

«ተሾመ ነው?»

አንገቴን ደፋሁ።

በሩ ላይ ሊቀመንበሩ፣ «እዚያ ምን አገዳችሁ? ሰልፉ ይንቀሳቀስ እንጂ!» ብሎ ተጣራ። እትዬ አመለወርቅ ወደ እሱ ዞር አሉ፣ ባንዲራውን አዩ፣ ከዚያ ወደኔ ተመለሱ። የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ መሞቱ ብቻ ሳይሆን፣ ለምን እንዳልተነገራቸውም።

«ስሜን አጥታው ነው» አሉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አሁን ታገኘዋለች።»

ከዚያ በጣም ዝግ ብለው፣ «አርባው መቼ ነው?»

«ዛሬ።»

«ፍትሐቱስ?»

«ጠይቄ ነበር። የክርስትና ስሙን አላውቅም።»

እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ወደ መጋረጃው ሲሄዱ አቶ ሁሴን እንደ ልማዳቸው፣ «አርባው ከላይ ነው፣ አመለወርቅ» አሏቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁላቸው። መጋረጃው ውስጥ ብዙ ቆዩ። ከኋላ ያሉት ሴቶች፣ «ኧረ ዝሆኑ በላት!» ብለው ሳቁ። ሲወጡ ወረቀቱን በአራት አጥፈውታል። ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት። አላለቀሱም። በሩ ጋ ሲደርሱ ሊቀመንበሩ፣ «ማለፊያ፣ እናቴ፣ ግዴታዎን ተወጡ» አላቸው። እሳቸውም፣ «እግዜር ይስጥህ» ብለው ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

ቆጠራው የተጀመረው አሥር ሰዓት ላይ ነው። መምህር አበራ ወረቀቱን እየገለጠ ይጠራል፣ እኔ እመዘግባለሁ። ዝሆን። ዝሆን። ቀጭኔ። ዝሆን። አንዱ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው።

«ምንድነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምልክት የለበትም። ስም ነው የተጻፈበት። ወልደ ገብርኤል ይላል።»

«ወልደ ገብርኤል የሚባል ዕጩ አለ እንዴ?»

«የለም።»

ወረቀቱን አሻግሬ አየሁት። ፊደሎቹ ትልልቅና የተነጣጠሉ ነበሩ፣ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ እንደሚጽፈው፣ እያንዳንዱ በእርሳስ ሁለት ጊዜ ተደግሟል፣ እንዳይጠፋ።

«የተበላሸ በዪው» አለኝ ሊቀመንበሩ።

የተበላሸ ድምፅ፣ አንድ፣ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አሞኛል ብዬ ተነሣሁ፤ እውነቴን ነበር። ቄሱን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ስሙን ነገርኳቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ እሳቸውና አንድ ዲያቆን ጸለዩለት። ከምእመን እኔ ብቻ ነበርኩ። ወልደ ገብርኤል ሲባል ስሰማ የማላውቀው ሰው ስም መሰለኝ።

ሰኞ ንጋት ሊቀመንበሩ እንዳለው ሽማግሌዎች ላከ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ተከትዬ ሄድኩ። እትዬ አመለወርቅ በሩን ከፍተው፣ «ምነው በማለዳ፣ በደህና ነው?» አሉ። እንግዳ እንዳስደነገጠው ሰው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ በወሬ ዙሪያ ጥምጥም ዞሩ፣ መጨረሻ ላይ ተናገሩ። ያን ጊዜ እሳቸው ጮኹ። ከዚያ ጩኸት በኋላ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፣ የራሴንም። እንደዚያ ያለ አልሰማሁም። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይዘውት አደሩ፣ እኔ እንዳልጠየቅ።

ቆርቆሮውን ለቅሶው ቤት ይዤ ሄድኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርገው አላወቅኩም። ጾም ስለነበር የቀመሰው አልነበረም። እትዬ አመለወርቅ ክዳኑ ላይ ያለውን ስም አዩ፣ ተቀብለው አልጋቸው ሥር አኖሩት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አላነሡብኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደ ቀድሞው ይስሙኛል። «ዕጩ» ብለው መቀለድ ብቻ ተዉ። ስዳር ሠርጌ ላይ መጥተው መረቁኝ። ያገባሁት ደግ ሰው ነበር። እሳቸውም እሱም አሁን የሉም።

ዝሆኑ አሸነፈ። ሸንጎው ተቋቋመ፣ ስብሰባውን በሬዲዮ ሰማነው፤ ጭብጨባው ብዙ ነበር። ስለ ጦርነትና ሰላም የሰባቱ ልጆች አባት ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ጨርሶ ተናግሮም እንደሆነ፣ አልሰማሁም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ መንግሥቱም ሸንጎውም አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ምርጫ ተሰልፌያለሁ፣ ጣቴን ቀለም ነክሬያለሁ። መጋረጃ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ከመጻፌ በፊት ትንሽ እቆማለሁ። በዚያ ሣጥን ውስጥ ከገቡት ወረቀቶች ሁሉ የጠየቀው የተፈጸመለት የተበላሸው ብቻ ይመስለኛል።

ዛሬ ጠዋት ሕሊና ደብተሯን ይዛ ተመልሳ መጣች። መምህሯ ሥዕሉን ወዶታል፤ ከሥሩ ግን ውጤቱ ይጻፍ ብሏታል።

«ማን አሸነፈ?»

«ዝሆኑ።»

«የተበላሸ ድምፅ ነበር?»

«አንድ።»

ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ለምን ተበላሸ?» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ» ብያት ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ወጣሁ።